ፊደሉ የተዘበራረቀው ላፕቶፕ

የበደለችኝ ሴት ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ማመልከቻ ትጽፋለች። የበደለችኝም ሁለታችን በአንድ ቢሮ ታይፒስት ሳለን፣ ቢሯችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኮምፒውተሮች ባስገባበት ዓመት፣ ግንቦት ውስጥ ነው። ስሟን አልጽፍም። አሶሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚያውቃት ያውቃታል።

ነገሩ አጭር ነው። አዲስ አበባ የሦስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ተገኘ፤ ቦታው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ኃላፊያችን የእኔን ስም ጻፈ፤ በታይፕ ፍጥነት የሚያህለኝ አልነበረምና። ቁልፎቹን ሳላይ፣ ጣቴን ሳላይ፣ ከሰው ጋር እያወራሁ እጽፍ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ቢሆንም ግድ የለኝም። ያኔ የስምንት ወር ልጅ ነበረችኝ፣ ጡት የምትጠባ። አማቴ ልትይዝልኝ ተስማምታ፣ የሻንጣዬ ነገር እንኳ አልቆ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጠረጴዛ ለምጋራት ለዚህች ሴት፣ «ልጄን ጥዬ ስሄድ ምን እንደምሆን እንጃ፣ ሆዴ ፈርቷል» አልኳት። ሰው ለጓደኛው እንዲህ ይላል። በማግሥቱ ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ገብታ «እሷ ጡት የምታጠባ ናት፤ እንደማትሄድ ነግራኛለች» አለች። እኔ ስደርስ ስሜ ተሰርዞ የሷ ተጽፎ ነበር።

ለምን ገብተሽ አልተሟገትሽም የሚለኝ ሰው አለ። እኔ በልጅነቴ ከወሎ በሠፈራ መጥቼ፣ ቁጥር እንጂ ስም በሌለው መንደር ያደግሁ ነኝ። ቢሮ ውስጥ መቀጠሬ ራሱ ለቤተሰቤ ተአምር ነበር። እሷ ከመሃል አገር በዝውውር የመጣች፣ አፏ የተፈታ፣ ኃላፊዎችን በስማቸው የምትጠራ ነበረች። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ግን እንደ መርሳት የቆጠረው ካለ ተሳስቷል።

ከሥልጠናው ስትመለስ ለሷና ለኮምፒውተሮቹ የተለየ ክፍል ተሰጠ። ክፍሉ መጋረጃ ነበረው፣ ቬንቲሌተር ነበረው፣ ምንጣፍ ተነጥፎበት ጫማ ይወለቅበት ነበር። አቧራ ማሽኑን ይገድላል ይባል ነበር ያኔ። እኔ ረቂቅ ይዤ ስሄድ በሩ ላይ ጫማዬን አውልቄ፣ በካልሲ ቆሜ፣ እሷ እስክትጨርስ እጠብቅ ነበር። ካልሲዬ የተቀደደበት ቀን ነበር። አይታዋለች። ምንም አላለችም፤ ያ ምንም አለማለቷ ነው እስከ ዛሬ የማይወጣልኝ።

እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ በራሴ ነው፤ የሥራ ሰዓት ካለቀ በኋላ፣ ሌሎች የተዉትን አሮጌ ማሽን እየነካካሁ። ዕድሜዬ ሳይደርስ በፈቃዴ ጡረታ ስወጣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በቀርከሃ የተሠራች አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ለከሳሽም ለተከሳሽም፣ የወርቅ ጉድጓድ ድንበር ተገፋብን ብለው ከመንጌ ለሚመጡ፣ ባሎቻቸው ጉባ ግድቡ ላይ ሠርተው ለቀለብ ለማይልኩላቸው ሴቶች፣ ለሁሉም ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ሥራው ሄደልኝ። በሁለተኛው ዓመት እሷም ጡረታ ወጣች፤ ከተማው ሁሉ ባዶ ቦታ ሆኖ ሳለ ከእኔ ፊት ለፊት ከፈተች።

ጉባ የሚሠራ የወንድሟ ልጅ ላፕቶፕ ገዛላት። ብርማ፣ ቀጭን፣ ሲዘጋ የሳህን ያህል የሚሆን። እሷም ጀርባዋን ለግድግዳ፣ ስክሪኑን ወደ መንገድ አዙራ ተቀመጠች። የሚጻፈውን ደንበኛው ያያል፣ አላፊ አግዳሚውም ያያል። መብራት ሲሄድ (ግድቡ በእኛው ክልል ሆኖ መብራት ሲሄድ እዚህ የማይቀልድ ሰው የለም) የእኔ ትልቁ ኮምፒውተር ድርግም ይላል፤ የሷ ላፕቶፕ በባትሪ ይቀጥላል። የእኔ ደንበኞች ከወንበሬ እየተነሱ መንገዱን ይሻገራሉ። «እማማ፣ ቀጠሮዬ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ነው» ይሉኛል። እኔም «ሂድ፣ ሂድ» እላለሁ፣ እጄን እያወናጨፍኩ። ቅናት ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም። ያን ብርማ ነገር ከማዶ እያየሁ የበላሁት ምሳ ሁሉ አልተፈጨልኝም።

ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ የእኔ ኮምፒውተር አንዴ ጷ ብሎ ዝም አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አሸተተውና «ነፍስ የለውም» አለኝ። ዲስኩ ደኅና ነው፣ ላውጣልሽ ቢለኝ፣ የጻፍኩት ሁሉ ፍላሽ ላይ አለኝ፣ የቀረው ቆርቆሮ ነው ብዬ ሣጥኑን እንዳለ ለቆራሌው ሰጠሁት። ይህን ያደረግሁት ቶሎ ከዓይኔ እንዲጠፋ ስለፈለግሁ ነው። ከማዶ ሆና የሞተ ማሽን አቅፌ ስቀመጥ እንድታየኝ አልፈለግሁም።

ግቢዬ ውስጥ አንዲት ተከራይ አለችኝ፤ ዩኒቨርሲቲው የመደባት የኮምፒውተር መምህርት፣ ከደቡብ የመጣች፣ ሳቅ የማይጠፋባት ልጅ። ላፕቶፕ ልገዛ እንደሆነ ስነግራት አዲስ አይግዙ አለችኝ።

«ታድሶ የሚሸጥ ይበቃዎታል፣ እትዬ። ውጭ አገር ቢሮዎች ሦስት አራት ዓመት ተጠቅመው የሚጥሉት ነው፤ ጠንካራ ነው። እኔ ሊኑክስ እጭንልዎታለሁ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ነዋ። ሰው ሁሉ በነፃ የሚወስደው፣ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ የሚያሻሽለው። አሮጌ ማሽን ላይ ቀላል ነው። የደንበኛ ፍላሽ ይዞት የሚመጣው ቫይረስም አይነካውም።»

እዚህ አንድ ነገር ልናገር። የማመልከቻ ቤት ሞት የደንበኛ ፍላሽ ነው። አንዱ ከጾሬ የስደተኞች ካምፕ የሥራ ልምዱን ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ከመንጌ የልጁን የትምህርት ቤት ካርድ፤ ፍላሹ ሃያ ማሽን ዞሮ የመጣ ነው። እምቢ ማለት አይቻልም፤ እምቢ ካልሽ ማዶ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩ ጆሮዬ ገባ። ከዚያ ግን የጠየቅኋት ስለ ቫይረሱ አይደለም።

«እዚህ ከተማ ማን አለው?»

«ከእኛ ግቢ ውጭ? እኔ እስከማውቀው ማንም።»

«ፍርድ ቤቱ ጋ ያሉትስ?»

«ማን፣ እትዬ?»

«ማንም። እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።»

ልጅቷ ወረቀት አውጥታ የምመለከተውን ጻፈችልኝ። ራሙ ከስምንት ጊጋ እንዳያንስ። ዲስኩ አዲሱ ዓይነት፣ የማይሽከረከረው ይሁን። ባትሪው ሲወለድ ከነበረው አቅም ስንቱ እንደቀረው ራሱ ይናገራል፤ እሱን ሳያዩ አይመኑ። ኪቦርዱን እያንዳንዷን ፊደል በጣት ይንኩ። ስለ ቀለሙ አይጨነቁ። አንድ ፍላሽም ሰጠችኝ። «ሊኑክስ እዚህ ውስጥ አለ፤ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይነሳል። ዋይፋዩን ካገኘው፣ ድምፁ ከሠራ፣ ይገዛል። ካላገኘው ባለ ሱቁ ምንም ቢምል ትተውት ይውጡ» አለችኝ። ሲበራ የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። አብሬዎት ልሂድ ብትለኝ እምቢ አልኩ። ነገሩን ራሷ እንደምታውቅ ሴት ሆኜ መግባት ፈልጌ ነበር።

ገበያው አጠገብ ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚሸጠው ሰውዬ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ይላል፤ ማንም አይቀየመውም።

«እናቴ፣ ና ግባ። ቁጭ በል። ለልጅ ነው?»

«ለራሴ ነው።»

«ማሻላህ» አለና ሦስት ላፕቶፕ ደረደረልኝ።

አንደኛው መታጠፊያው የላላ ነበር፤ ተውኩት። ሁለተኛው ብርማ፣ ቀጭን፣ ቁርጥ የሷን የመሰለ ነበር። ሦስተኛው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ፣ ከሁሉም ርካሽ። ዓይኔ የት እንዳረፈ መናገር አያስፈልገኝም። ብርማውን ወደ ራሴ ሳብኩ፣ ክዳኑን በመዳፌ ዳሰስኩ፣ ስክሪኑን ወደ መንገድ አዙሬ እንዴት እንደምቀመጥበት በልቤ ሳልኩ። ከዚያ ፍላሹን ሰካሁ።

ተነሳ። ሰማያዊ መልክ ያለው ገጽ መጣ። ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ። ዋይፋዩን ብፈልገው፣ የለም። አጥፍቼ አበራሁት፣ አሁንም የለም። ባትሪውን ጠየቅሁት፤ ግማሽም አልቀረውም።

«ወላሂ አዲስ ነው፣ እናቴ» አለ ሰውዬው።

«ራሱ ግማሽ ነኝ እያለ ነው» ብዬ አሳየሁት።

ቀረብ ብሎ አነበበና ሳቀ። «ይሄ ፍላሽ ሰላይ ነው!»

እንደዚያም ሆኖ ብርማውን አልተውኩትም። ዋይፋይ ለምኔ፣ ማመልከቻ ልጽፍበት አይደል፣ መብራት የሚሄደውም ሁልጊዜ አይደለም እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር። እጄ ክዳኑ ላይ እንዳለ በሩን ጥላ ጋረደው። ዞር ስል እሷ ናት። ለቻርጀር ነበር የመጣችው፤ የሷ ገመዱ ተበጥሶ።

«ውይ! አንቺ እዚህ?» አለች። «ለልጅሽ ነው?»

«ለራሴ።»

«በዚህ ዕድሜ?»

ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ይህን ኃላፊውም፣ እኔም፣ የጡረታ ክፍሉም እናውቃለን። «አንቺ የምትሠሪበት ዕድሜ የማን ነው?» አልኳት።

ሳቀች። መሳቅ ሁልጊዜ ይቀላታል። ከዚያ ብርማውን አየችው። «እንዴ፣ ይሄማ የእኔው ነው! ይሄን ግዢው። ተዪ፣ ምንም አትጨነቂ፣ እኔ አሳይሻለሁ። ሱቄ ትመጪያለሽ፣ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ፣ አንድ ሳምንት አይፈጅብሽም።»

እኔ አሳይሻለሁ። ጫማዬን ያወለቅሁበት በር ትዝ አለኝ። እጄን ከብርማው አነሳሁ።

«ያንን ጥቁሩን አምጣልኝ» አልኩት ሰውዬውን።

«እናቴ፣ እሱ ማሽኑ ጥሩ ነው፣ ግን ፊደሉ መጥፎ ነው። ከሞሮኮ ነው የመጣ። ዓረብኛ አለ፣ ፈረንሳይ አለ፣ ሁሉ ቦታው ሌላ ነው። ስድስት ወር እዚህ ተቀመጠ። ሰው መጣ፣ ነካ፣ ሌላ ፊደል ወጣ፣ ተናደደ፣ ሄደ። ኻላስ፣ አለቀ።»

እሷ አንገቷን አስግጋ አየችው። «ይሄ ላፕቶፕ ነው ወይስ የዳቦ ሣጥን?»

«ዳቦ ካበላኝ ምን ቸገረኝ።»

ፍላሹን ሰካሁ። ዋይፋዩን ወዲያው አገኘው። ድምፁ ሠራ። ባትሪው ከአሥር ዘጠኙ አለ። እሷ ወደ ፍላሹ እያየች፣ «ምንድን ነው የሰካሽበት?» ስትለኝ «መዝሙር ነው» አልኳት። ልጅቷ አማርኛውን አስተካክላ ስለሰጠችኝ ባዶ ገጽ ከፈትኩ። ከዚያ ኪቦርዱን ትቼ እሷን እያየሁ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ጻፍኩ። «ለአሶሳ ወረዳ ፍርድ ቤት። ከሳሽ። ተከሳሽ። የክሱ ምክንያት።» ፊደሉ ላይ የተጻፈው ፈረንሳይኛ ይሁን ቻይንኛ ለጣቴ ምኑ ነው? ጣቴ ቦታውን እንጂ ጽሑፉን አይጠይቅም። አዲሱ የአማርኛ አጻጻፍ ቢሮ ከለመድኩት ስለሚለይ ሁለት ቦታ ስቻለሁ፤ ከቆመችበት ግን አልታያትም።

«ያ ሰላም!» አለ ሰውዬው። «ኪቦርድ አያይም! ሰው ያያል፣ ይጽፋል!»

እሷ ጎንበስ ብላ እያየች የምትጽፍ ናት። አዲስ አበባ ሦስት ወር ተቀምጣ ያን አልተማረችም። ቻርጀሯን ይዛ ወጣች። እኔ ጥቁሩን ገዛሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብዬ የሄድኩበት ጊዜ የለም።

ልጅቷ በዚያው ቅዳሜ ሊኑክስን ጫነችልኝ። ሰኞ ሱቄን ከፍቼ፣ ስክሪኑን ወደ መንገድ አዙሬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ደንበኛ የርስት ጉዳይ ነበረው። የርስት ማመልከቻ ቅጽ አለኝ፤ የሁሉም ዓይነት ክስ ቅጽ አለኝ። ሥራችን እንደዚያ ነው፤ ማንም ከባዶ አይጽፍም። አንዴ ዳኛ የተቀበለው ማመልከቻ ይቀመጣል፤ ለሚቀጥለው ሰው ስሙና ድንበሩ ብቻ ይቀየራል። የዓመታት ልፋቴ፣ ጠበቆች ያረሙልኝ፣ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራሮች መልሰው ያስተካከሉልኝ፣ ሁሉም በራሴ ፍላሽ ላይ ነበር። ከፈትኩት።

ፊደል አልነበረም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ቁጥር፣ ቅንፍ፣ አንድ ላይ የተፈጨ ነገር ነበር። ሌላውን ከፈትኩ፣ እንደዚያው። ደንበኛው አጎንብሶ አየና «እማማ፣ ይሄ በምን ቋንቋ ነው?» አለኝ።

ማታ ልጅቷ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ከዚያ ነገረችኝ። እኛ ቢሮ እንጠቀምበት የነበረው፣ እኔም ሱቅ ውስጥ የቀጠልኩበት የድሮው የአማርኛ ፕሮግራም አማርኛ አያስቀምጥም ነበር። ከሥር የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ላዩ ላይ የአማርኛ መልክ ያለብሰዋል። መልኩ የሚገኘው ኮምፒውተሩ ውስጥ በተጫነ ፊደል፣ ፎንት በሚሉት ነው። ፊደሉ ከሌለ የሚታየው ያ ከሥር ያለው ነው።

«አማርኛ አልጻፍኩም ነበር ማለት ነው?»

«ጽፈዋል፣ እትዬ። ማሽኑ ነው ያልጻፈው።» ልታጽናናኝ ነበር። «ምንም አይደለም። ፊደሉን ከድሮው ኮምፒውተርዎ ዲስክ ላይ አውጥቼ እዚህ እጭነዋለሁ፤ ሁሉም ይነበባል። ዲስኩ የት አለ?»

ቆራሌው ወስዶታል አልኳት። እሷም ፊደሉን ኢንተርኔት ላይ በየቦታው ፈለገች፤ አንድ መለወጫ ፕሮግራም ሞክራ የወጣው ግማሹ አማርኛ ግማሹ ጭቃ ነበር። የእኛ ቢሮ ፊደል አንድ ቴክኒሻን በራሱ መንገድ የቀያየረው ነበርና ከሌላው ጋር አልገጥም አለ። ከዚያ ዓይኗ በራ።

«እንዴ! ከማዶ ያሉት እትዬ ጋ አይቼዋለሁ እኮ! እሳቸው የድሮዎቹን በእሱ ነው የሚከፍቱት። ነገ ሄጄ ኮፒ ላድርገው፤ አንድ ደቂቃ ነው።»

«አንቺ እሷ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ነዋ። እርስዎ ጋ የኮፒ ማሽኑ ተበላሽቷል።»

የእኔ የኮፒ ማሽን ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ይህች ልጅ እዚያ ቁጭ ብላ፣ እየሳቀች፣ ምን እየተባባሉ እንደሆነ ሳስብ ሌላ ቅናት በላዩ ተደረበብኝ።

«አትሄጂም።»

«እሳቸው እኮ ደስ ይላቸዋል፣ እትዬ፣ ስለ እርስዎ ሁሌ...»

«አትሄጂም አልኩ። ይህን ቤት ከወደድሽው አትሄጂም።»

ልጅቷ ደነገጠች። ለሦስት ቀን ከአንገት በላይ ነበር ሰላምታዋ።

ከማዶ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ የእኔን ፋይሎች ሁሉ ወደ ሰው ቋንቋ የሚመልስ ፊደል ነበር። መንገዱን አልተሻገርኩም። ቅጾቹን ከጭንቅላቴ መጻፍ ጀመርኩ። የቀረውን ክረምት ሙሉ ጻፍኩ። የቀለብ ክስ ደኅና ወጣልኝ፤ ብዙ ጽፌዋለሁ። የሁከት ይወገድልኝ አቤቱታ ላይ አንድ አንቀጽ ረሳሁ፤ ሬጅስትራሩ መለሰው፤ ባለጉዳይዋ ከባምባሲ ድረስ የተመላለሰች ሴት ነበረች። «አንቺ ድሮ እንዲህ አልነበርሽም» አለችኝና ማዶ ሄደች። ከዚያ በኋላ ማዶ የሚሄደው በዛ። ማሽኔ መብራት ሲሄድ አይጠፋም፣ ቫይረስ አይነካውም፣ ጣቴ እንደ ድሮው ይሮጣል፤ የሚሮጥበት ግን የለውም። የሱቁን ኪራይ አንድ ወር አሳለፍኩ። ባለ ቤቱ እስከ ጥቅምት ድረስ መክፈል ቢያቅተኝ ቦታውን ለጫማ ሻጭ እንደሚሰጥ ነገረኝ።

በመስከረም መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ መንገዱን ተሻገረች።

የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በፊት ሱቄን ረግጣ አታውቅም። እጇ ላይ የፍላሽ ማንጠልጠያ ነበር፤ ቅጾቿን ሁሉ ከሱቁ ቁልፍ ጋር አንገቷ ላይ እንደምታንጠለጥል ከተማው ያውቃል።

«ጠፉብኝ» አለች። «አንድ ሰውዬ ፍላሹን ሰካብኝ፤ ከዚያ የእኔ ፋይል ሁሉ አቋራጭ አቋራጭ የሚል ምልክት ሆነ። ስነካው አይከፈትም። ነገ የቀጠሩኝ ሰባት ሰዎች አሉ።»

«የወንድምሽ ልጅስ?»

«ስልኩ አይሠራም። ያቺ ተከራይሽ፣ የአንቺ ማሽን ቫይረስ አይዘውም ብላኝ ነበር። መዝሙር አይደለም አይደል የሰካሽበት?»

«አይደለም።»

ፍላሹን ተቀበልኳት። ልጅቷ አስተምራኛለች፤ ያ ቫይረስ ፋይሉን አያጠፋውም፣ ይደብቀዋል፤ ለሌላው ማሽን የተደበቀው ሊኑክስ ላይ ፊት ለፊት ይታያል። ሰካሁት። እንዳለችውም ሁሉም ነበሩ። ርስት፣ ሁከት፣ ቀለብ፣ ፍቺ፣ የወርቅ ድንበር። አንዱን ከፈትኩ። የወንድሟ ልጅ ማሽኑ ራሱ አማርኛ የሚያስቀምጥበትን አዲሱን አጻጻፍ አስለምዷት ኖሮ ንጹሕ አማርኛ ነበር። ያመለጠኝ የሁከቱ አንቀጽ በቦታው አለ። እሷ ከተቀመጠችበት ስክሪኑ አይታይም፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ስለመታው በዚያ ቀን ወደ ግድግዳ አዙሬው ነበር።

«አሉ?» አለች።

እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። «ያኔ ለምን እንደዚያ አልሽ?» አልኳት።

«መቼ?»

«ጡት የምታጠባ ናት ያልሽ ጊዜ።»

ረስታዋለች ብዬ ነበር የማስበው። ለዓመታት ያበሸቀኝ እሱ ነበር፤ ረስታዋለች የሚለው። አልረሳችም። የቁልፏን ማንጠልጠያ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«ሐኪሙ እንደማልወልድ የነገረኝ በዚያ ሳምንት ነበር» አለች። «አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጫታለሽ፣ ወረቀቴን ትቀድዳለች፣ ትስቂያለሽ። ከዚያ ደግሞ ሥልጠናውም የአንቺ ሆነ። ሁሉም ለሷ ነው ወይ አልኩ። አንዱ እንኳ ለእኔ ይሁን አልኩ።»

«ልጄን እየተመኘሽ ነበር?»

«በየቀኑ።»

«ንገሪኝ ነበር።»

«ብነግርሽ ቦታውን ትተዪልኝ ነበር?»

«አልተውልሽም።»

«እሱን እኮ ነው የምለው» አለች። አላለቀሰችም፤ ይቅርታም አላለች። እኔም አልጠበቅሁም።

ፋይሎቿን በሙሉ ከነ ስማቸው አዲስ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩላት። ቆጥራ ተረከበች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለች፣ መንገዱን ተሻግራ ሄደች። ለራሴ አንድ ቅጂ አስቀርቻለሁ። አልነገርኳትም። በማግሥቱ በሷ ቅጾች አራት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ አራቱንም ሬጅስትራሩ ተቀበላቸው። ጥቅምት ሲገባ የሱቁን ኪራይ ከፈልኩ።